ጽዋው ፉሪ የወረደ ዕለት

ሚካል የእናቷን ጀርባ ተከትላ ትሮጣለች። ከመካኒሳ አቦ ቅጥር የሚወጣው ሕዝብ እንደ ሐምሌ ጎርፍ እየገፋ ቁልቁል ይዟት ይወርዳል፤ አንዱ ክርኑን ጎኗ ላይ ያሳርፋል፣ ሌላዋ ጃንጥላዋን ታስደግፍባታለች። እሷ ግን ዓይኗን ከፊቷ ከሚሄደው ነጠላ ላይ አልነቀለችም። ጥለቱ አረንጓዴ ነው። ጫፉ ላይ በሰማያዊ ክር የተሰፋች አንዲት ቀዳዳ አለች፤ የሰፋቻት ራሷ ሚካል ነበረች፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሳለች፣ እያኮረፈች። ለአንድ አፍታ ሁሉም ነገር ተረስቷት «እማዬ» ልትል አፏን ከፈተች።

ነጠላው ዞረ። ከውስጡ የሴና ፊት ብቅ አለ።

«ፍጠኚ እንጂ ሚካልዬ! ቄሱ ቀድመውን ደርሰው በር ላይ እንዳይቆሙ።»

ሚካል አፏን ዘጋች። እናቷ ወይዘሮ አፀደ ከሞቱ ዛሬ አርባ አምስት ቀናቸው ነው። ነጠላውን ለሴና የሰጡት ራሳቸው ናቸው፣ በሕይወት እያሉ፣ በእጃቸው። ይህን ሰፈርተኛው ሁሉ ያውቃል።

ዕለቱ መጋቢት አምስት ቀን ሁለት ሺህ አሥራ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ ቅዳሜ ነበር። ዐቢይ ጾም ከገባ ሃያኛ ቀኑ፣ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ዓመታዊ በዓል። ትናንት ዓርብ፣ ያ ዓለምን ያስጨነቀው በሽታ እኛም ዘንድ መግባቱ በቴሌቪዥን ተነግሯል፤ አንድ ሰው ተገኝቶበታል። ከአንዱ ሰው የተረፈው ሚሊዮን ሕዝብ ግን ዛሬም እንደ ወትሮው ታቦት ሊያነግሥ ወጥቷል። በአሥር እርምጃ አንድ አፉን የሸፈነ ሰው ይታያል። የቀረው ይሳለማል፣ ይተቃቀፋል፣ ከአንድ ጣሳ ጠበል ይጠጣል። ሚካል የጤና መኮንን ናት፤ ትናንት ከሰዓት በኋላ በጤና ጣቢያዋ ስብሰባ ተጠርታ በሽታው በምን እንደሚተላለፍ ሲነገራት ውላለች። ዛሬ ይህን ሁሉ አፍና እጅ እያየች ትሠጋለች። ደግሞ ከሥጋቱ በታች፣ ማንም በማያይበት ቦታ፣ ሌላ ነገር ይብላላል።

ሴና የፉሪው ገበሬ የአቶ ቱሉ ልጅ ናት። ከዐሥር ዓመት በፊት የነሚካልን በር ያንኳኳችው ወተት ልትሸጥ ነበር። ሚካል ዩኒቨርሲቲ ገባች፣ ተመረቀች፣ ዲላ ተመደበች፤ ሴና በየጠዋቱ በሩን ማንኳኳቷን ቀጠለች። ባለፈው ሐምሌ ወይዘሮ አፀደ ሲታመሙ ሚካል ዝውውር ጠየቀች፣ ደብዳቤው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲንከባለል ለገና ደረሰ፤ ሴና ግን መጣች። አጠበቻቸው፣ አጎረሰቻቸው፣ ገላቸውን አገላበጠች። በፍስክ መምጣቷን ንግድ ነው ማለት ይቻል ነበር። በጾም ግን ጾመኛ ቤት ወተት አይገባም። በፍልሰታም፣ በጾመ ነቢያትም ሴና ባዶ እጇን ከፉሪ መካኒሳ ትመላለስ ነበር። ሚካል ይህንን ማንሳት አትወድም፤ ሴናን የምትጠላበትን ምክንያት ሁሉ የሚያበላሽባት ይህ ነውና።

እቤት ሲደርሱ ቄስ ጸጋአብ በር ላይ አልቆሙም፤ ገብተው ተቀምጠዋል። ስምንት ማኅበርተኞችም ግድግዳውን ተደግፈው ተደርድረዋል። ማኅበሩ የጽዋ ማኅበር ነው፤ በየወሩ በአምስት በአንዱ አባል ቤት ተሰብስበው በጻድቁ ስም ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ ከዚያ ጥቁሩ የሸክላ ጽዋ በቀይ ግምጃ ተሸፍኖ ወደ ቀጣዩ አባል ቤት ይሄዳል። ጥር አምስት ቀን ተራው የወይዘሮ አፀደ ሆነ። ተኝተው ተቀበሉት። ጥር ሃያ ሞቱ፤ ጽዋው እራስጌያቸው ነበር። ማኅበሩ ለሐዘኑ ሲል የየካቲቱን ተወና ዛሬ የሟቿን ድግስ በልቶ፣ በቦታቸው የሚገባውን ሰው ሊቀበል መጣ።

ሚካል ድግሱን አላሳነሰችም። ሽሮው፣ ክኩ፣ ተልባው፣ ድፎው፣ ጠላው። ሦስት ቀን ፈቃድ ወስዳ ነው የደገሰችው። «እናቷን የምታስመሰግን» እንዲባል ነበር። ሴና ግን ገና እንደገባች ነጠላዋን አደግድጋ፣ ማሰሮው የት እንዳለ፣ ማንኪያው የት እንዳለ ሳትጠይቅ ማሳለፍ ጀመረች። ሚካል በገዛ ቤቷ ጭልፋ ፍለጋ ሦስት መሳቢያ ከፈተች።

«አራተኛው ውስጥ ነው» አለች ሴና በቀስታ።

ከተበላ በኋላ ጋሽ ገሠሠ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የማኅበሩ ሙሴ ናቸው፤ የማኅበር መሪ ሙሴ ይባላል። የሰባ አራት ዓመት ጡረተኛ ሾፌር፣ ደረታቸው በአስም እንደ ወናፍ የሚያፏጭ።

«እንግዲህ የአፀደን ነፍስ ይማር። ጥር አሥራ ሰባት ቀን አስጠርታኝ፣ ቄሱም ባሉበት፣ በሙሉ አእምሮዋ፣ በቦታዬ ሴና ትግባ ብላለች።»

ጥር አሥራ ሰባት። ሚካል መድኃኒት ልትገዛ ብስራተ ገብርኤል ድረስ የሄደችበት ቀን። አንድ ሰዓት ተኩል ነበር የቆየችው።

«እኔ አልገባኝም!» አሉ እትዬ አሰገደች። የማኅበሩ አንጋፋ ናቸው፤ አፋቸው ከአዋዜው ይፋጃል። «የወለዱት ልጅ እያለ ወተት ሻጭ ጽዋ የሚወርሰው በየትኛው አገር ነው?»

«አሰገደች፣ ጾም ነው።»

«ጾሙ ከሥጋና ከወተት ነው እንጂ ከእውነት አይደለም!»

አንዳንዱ ሳቀ። ሴና አንገቷን ደፍታ ብርጭቆ መሰብሰቧን ቀጠለች። ሚካል ፊቷ ጋለ፤ እትዬ አሰገደች የተናገሩት እሷ አርባ አምስት ሌሊት ስታላምጠው ያደረችውን ነው። ከሌላ ሰው አፍ ሲወጣ ግን እንዲህ ያስጠላል ብላ አልገመተችም።

«የሟች ቃል አይሻርም» አሉ ጋሽ ገሠሠ። «ሴና፣ ነይ ተንበርከኪ።»

የማኅበሩ ሕግ እንዲህ ነው። አዲሱ አባል ተንበርክኮ ከቄሱ እጅ ሦስት ጊዜ ይጎነጫል። ጽዋው ከእሱ ከንፈር ተነሥቶ በማኅበርተኛው ሁሉ ከንፈር ይዞራል። ከዚያ አዲሱ አባል ተሸክሞት፣ አስረካቢው ቤት እየሸኘው፣ በእግሩ ወደ ቤቱ ይወስደዋል። ያልጠጣ አይሸከምም።

ቄስ ጸጋአብ ጠላውን ባርከው በጽዋው ሞሉት። ሴና ተንበረከከች። ጽዋው ወደ ከንፈሯ ቀረበ።

«ይቁም!»

ሚካል ድምፅዋን ራሷ አላወቀችውም።

«እንዳትጠጪ። ማንም እንዳይጠጣ። ትናንት የተነገረውን ሰምታችኋል አይደል? የሚተላለፈው በትንፋሽና በምራቅ ነው። ዘጠኝ ሰው በአንድ ጽዋ! አንዳችን እንኳ ቢኖርብን… ጋሽ ገሠሠ፣ በዚህ ደረትዎ እርስዎ ሳምንት አይቆዩም።»

ቀድመው የተናገሩት እትዬ አሰገደች ናቸው።

«አሃ!» አሉ፣ እጃቸውን በእጃቸው እያጨበጨቡ። «እንዲህ ነው ለካ ነገሩ! እኔ ደግሞ አፌን ከፍቼ እሟገትላታለሁ! ካልጠጣች አትሸከምም፤ ካልተሸከመች ጽዋው እዚሁ ያድራል። ተምሮ መቅናት እንዲህ ነው፤ እኛ መሃይሞቹማ ፀጉር ተናጭተን እንገላገል ነበር።»

«እውነቴን ነው እትዬ!»

«እውነትሽ መሆኑንማ ዓይንሽ ይናገራል።»

ሚካል የተናገረችው ሁሉ እውነት ነበር፤ ቃል በቃል፣ በስብሰባው ደብተሯ ላይ ተጽፏል። ግን ትናንት ዜናውን ስትሰማ መጀመሪያ የመጣላት የጋሽ ገሠሠ ደረት አልነበረም። «ነገ ጽዋው አይዞርም» ነበር ያለችው በልቧ። ቀጥሎ ነው የሰው ሕይወት ትዝ ያላት። ይህን ያየ ሰው የለም። እትዬ አሰገደች ግን ሳያዩም አዩት።

«ደግሞስ» ቀጠሉ አሮጊቷ፣ «ስልሳ ዓመት የጠጣነው ጽዋ ነው። ታይፎይድ ነበረ፣ ኮሌራ ነበረ፣ ጠጣን፤ ጻድቁ ጠበቁን። በእምነት ነው የምንሄደው፤ በሐኪም ደብተር አይደለም!»

«ጌታም ሲጾም የተባለው እንዲህ ነበር» አለች ሚካል። «ከመቅደሱ ጫፍ ራስህን ወርውር፣ መላእክቱ ያነሡሃል ተባለ። ጌታ ምን አለ እትዬ? አልወረወረም። አምላክህን አትፈታተን አለ። ይህንን ያስተማረችኝ እማዬ ናት፣ እዚህ ቤት፣ እዚች ወለል ላይ።»

ቄስ ጸጋአብ ወጣት ናቸው፤ ሲያስቡ ጢማቸውን ይነካካሉ፣ አሁን ግን እጃቸው ጽዋውን ይዟል። በመጨረሻ ጽዋውን ዝቅ አድርገው ወንበሩ ላይ አስቀመጡት።

«ቃሉ እውነት ነው» አሉ። «የተናጋሪዋን ልብ እግዚአብሔር ይመርምር።»

«ታዲያ ካልተጠጣ ሕጉ ሕግ ነው» አሉ ጋሽ ገሠሠ ቅር እያላቸው። «በሽታው እስኪያልፍ ጽዋው እዚሁ ይቆያል።»

ሁሉም ወደ ሴና አየ። አሁንም እንደተንበረከከች ናት። ሚካልም አየቻት፤ እንድትጮህ፣ እንድታለቅስ፣ «የሰጡኝ እኮ ለኔ ነው» እንድትል ጠበቀች። ያን ብትል ሁለቱ እኩል ይሆኑ ነበር።

«እሺ» አለች ሴና፣ ጉልበቷን አራግፋ እየተነሣች። «ይቆይ። እግዚአብሔር የፈቀደው ይሁን።»

ድምፅዋ ውስጥ ምንም አልነበረም። ቂምም፣ ትዕግሥት ነኝ የሚል ኩራትም። ሚካልን ያንገበገባት ይህ ነው። እናቷን ወሰደች፤ ነጠላውን ወሰደች፤ አሁን ደግሞ ጽዋውን ለማጣት እንኳ ከሷ የተሻለች ሆና ተገኘች! ሚካል በሃያ ሰባት ዓመቷ «የእግዚአብሔር ፈቃድ ይሁን» ያለችው ሌላ አማራጭ ሲጠፋት ብቻ ነበር፤ ያንንም ጥርሷን ነክሳ። ይህች ግን ውኃ እንደሚጠጣ ሰው አለችው።

ከዚያ ያደረገችው ነገር ከደግነት አልመጣም፤ ይህን እሷ ራሷ ጠንቅቃ ታውቀዋለች። በገዛ ቤቷ፣ በገዛ ድግሷ ዳግመኛ መበለጥ አልቻለችም፤ ይኸው ነው።

«ይዛው ትሂድ» አለች።

«ምን?»

«ሴና ጽዋውን ይዛ ትሂድ። አትጠጣም፤ ማንም አይጠጣም። ግን ይዛው ትሂድ። የእማዬ ቃል ነው።»

«ሕጉ…» አሉ ጋሽ ገሠሠ።

«የሚያስረክበው የሟች ወገን አይደለም እንዴ ጋሼ? ወገኗ እኔ ነኝ። አስረክቤያለሁ።»

ጋሽ ገሠሠ ወደ ቄሱ ዞሩ። ቄስ ጸጋአብ ለመጀመሪያ ጊዜ ጢማቸውን ነካ አደረጉ። «ጠላው እንደተባረከ በአቦ ስም ዛፍ ሥር ይፈስሳል። መጠጣቱ እግዚአብሔር ሲፈቅድ ይደርሳል። አስረካቢ ካስረከበ ተረካቢ ይሂድ።»

እትዬ አሰገደች መቋሚያ ምርኩዛቸውን አንሥተው ወጡ። ሌሎቹም ተከተሉ። ጋሽ ገሠሠ እስከ ፉሪ የሚያደርስ ትንፋሽ የላቸውም፤ ቄሱ ለማታ ጸሎት ይመለሳሉ። በሌላ ዓመት ቢሆን ጽዋው በመዝሙርና በእልልታ ነበር የሚሸኘው። ዘንድሮ የሸኙት ሁለት ሴቶች ብቻ ሆኑ፤ አንዷ ተሸካሚ፣ አንዷ አስረካቢ።

«ታክሲ እንያዝ» አለች ሚካል ጀርመን አደባባይ ሲደርሱ። ሁለት ሰዓት በእግር ከሴና ጋር!

«ጽዋ ታክሲ አይሳፈርም።»

ይህን ታውቃለች። መንገዱን ቀጠለች። አንድ የፉሪ ሚኒባስ አጠገባቸው ዝግ ብሎ ሾፌሩ በመስኮት አንገቱን አወጣ። «እቱ! ያ በግምጃ የተሸፈነው ጠላ ነው? አቅምሱንና በነፃ እንውሰዳችሁ!»

«ባዶ ነው!» አለች ሴና እየሳቀች።

«ባዶ ዕቃ እንዲህ ተከብሮ?» አለና ነድቶ ሄደ።

ላፍቶን አለፉ። ለቡ ላይ ፀሐይዋ ናላ የምታዞር ሆነች። ሚካል ሁለት እርምጃ ራቅ ብላ ትሄዳለች፤ ሴና ርቀቱን የበሽታው ሕግ መሰላት፣ ወይም እንደመሰላት ሆነች። ከላይ ወደ ታች መንገዱ ዳር ሕንፃ ይቆፈራል፣ አቧራው ግምጃው ላይ ያርፋል፤ ሴና በየመቶ እርምጃው ቆማ በእፍታ ታራግፈዋለች። ይህም ሚካልን አበሸቃት። ይህን ሁሉ ጥንቃቄ ከየት ተማረችው?

ሐና ማርያም አጠገብ ሚካል መታገሥ አልቻለችም።

«ለምን ላንቺ ሰጠችሽ?»

ሴና ግምጃውን አስተካከለች።

«አላውቅም።»

«አልጠየቅሻትም?»

«ለሚካል ይሁን እንጂ እማማ አልኳቸው። ዝም አሉኝ።» ጽዋውን ከግራ ክንዷ ወደ ቀኝ አዛወረች። «አንድ ነገር ልንገርሽ? እንዳትቆጪ።»

«ንገሪኝ።»

«ከኅዳር ጀምሮ አንቺ እስክትመጪ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። ውኃ ሳመጣ ሚካል፣ ሳገላብጣቸው ሚካል። መጀመሪያ እኔ ሴና ነኝ እላቸው ነበር። ከዚያ ተውኩት። አቤት እማዬ ማለት ጀመርኩ።» ጉንጯን በትከሻዋ ጠረገች፤ ላብ ይሁን ሌላ ሚካል አላየችም። «እኔ አጠብኳቸው፤ የታጠቡት በአንቺ እጅ ነው። ማታ ወደ ፉሪ ስመለስ ታክሲ ውስጥ እንዴት እንደምጠላሽ! ዲላ ተቀምጣ፣ እዚህም አለች እል ነበር። አንድ ቀን ንስሐ አባቴ ጋ ሄጄ ተናዘዝኩ።»

«ምን አሉሽ?»

«ስገጂ አሉኝ። አርባ ስግደት። ሰግጄ ስነሣ ያው ነበርኩ።»

ሚካል ሳትፈልግ ሣቀች። አስቀያሚ፣ አጭር ሣቅ ነበር። ሴናም ሣቀች። ከዚያ ሁለቱም አፈሩ።

ሚካል በውስጧ ሒሳቡ የተስተካከለ መስሎ አልተሰማትም። ስሟን ሰማች እንጂ እናቷን አልሰማችም፤ «ሚካል» ሲባል የሰማው የሴና ጆሮ ነው። አሁን ደግሞ በዚያ ቀናች። ቅናት እንዲህ ነው፣ አንዱን በር ሲዘጉበት በሌላው ይገባል። ግን እግሯ መሄዱን አላቆመም፤ ሁለቱ እርምጃም አንድ ሆነ።

ፉሪ የአቶ ቱሉ ግቢ ሲደርሱ እልልታ ተቀበላቸው። ሚካል ቆማ ቀረች። ግቢው ሙሉ ነው። ሠላሳ ሰው ይሆናል፣ ዘመድ፣ ጎረቤት፣ ሽማግሌ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጽዋ ቤታቸው ሊገባ ነውና ዳስ ተጥሏል፣ ጠላው በጋን ቀርቧል። አቶ ቱሉ ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ መጡ።

«ኮቱ ሴናኮ! ነይ ልጄ! ሽማግሌዎቹ ከጽዋው ሳይቀምሱ አይሄዱም ብለው ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጠዋል!»

እዚህ የሚካል ቤት አይደለም። እዚህ የሚያውቃት የለም። እናቷ ቤት ያለችውን እዚህ ብትደግመው በድንጋይ ባይወግሯት ነው። ደግሞ ሴና አሁን ጽዋው እጇ ላይ ነው፤ መልካም ስሟን፣ አባቷን፣ ሠላሳ ዘመዷን በአንድ ቃል የምታስቀይመው ለምን ብላ?

ሴና ጽዋውን ከግምጃው ጋር ደረቷ ላይ እንዳስጠጋች ቆመች።

«አባ፣ ዛሬ ከጽዋው ማንም አይጠጣም። እኔም አልጠጣሁም።»

«ምን?»

«በሽታው በአንድ ጽዋ ይተላለፋል። ጠላው በየብርጭቆው ይሁን፤ ብርጭቆውም በሳሙና ይታጠብ። ጽዋው ከፍ ብሎ ይቀመጣል።»

ማጉረምረም ተነሣ። አንዱ ሽማግሌ ምራቁን ቱፍ አለ። አቶ ቱሉ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ማነው እንዲህ ያለው? ቄሱ ናቸው? መንግሥት ነው?»

«ሚካል ናት» አለች ሴና። «የእማማ ልጅ።»

«አንቺ በምን አወቅሽ እውነት መሆኑን?»

«አላወቅኩም» አለች ሴና። «እሷ አለች። አመንኳት።»

ሚካል ያን ጊዜ መሬት ተከፍቶ ቢውጣት በወደደች። ያንን የታመነችበትን ቃል በምን ልብ እንደተናገረችው ሴና ታውቃለች፤ ከሁሉም አብልጣ ታውቃለች። አውቃ ነው በላዩ የቆመችበት።

አቶ ቱሉ ልጃቸውን አዩ፣ እንግዳዋን አዩ። እንደ መቆጣትም እንደ መሣቅም አደረጋቸው። «ሴና እሺ ካለች እሺ ነው» ብለው ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ፣ እዚያ ደግሞ ሌላ ጭቅጭቅ ተጀመረ። ሚካል በዚህም ቀናች፤ ሴና ጮኾ የሚቆጣና ጮኾ የሚታዘዝ አባት አላት።

«እስከ መቼ ነው ግን?» አሉ አቶ ቱሉ ከመሃል ዞረው። «ለፋሲካ ይጠጣል አይደል? ለፋሲካ ያልፋል?»

ሠላሳ ፊት ወደ ሚካል ዞረ። ደብተሯ ውስጥ ለዚህ የተጻፈ የለም።

«አላውቅም አባባ» አለች።

ጽዋው ከፍ ብሎ ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ እያጉተመተሙ ብርጭቆ ተቀበሉ። ሚካል ከዳሱ ጫፍ፣ ለመሄድ በሚመች ቦታ ተቀመጠች። ሴና ከጓዳ ወጥታ በሰው መሃል መጣችና አንድ ብርጭቆ ጠላ ዘረጋችላት።

«ታጥቧል» አለች።

ሚካል ሲታጠብ አላየችም። ብርጭቆውን ተቀብላ እስከ አተላው ጠጣችው።